ዕቃውን እንጂ ታሪኩን አትግዛ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአፍሪካ ጋዜጠኞች በተዘጋጀ የሦስት ሳምንት ሥልጠና ቤጂንግ ሄጄ ነበር። ከዚያ ጉዞ ሁለት ሳንቲም ይዤ ተመለስኩ። አንዱ ኪሴ ውስጥ፣ ሌላው ጭንቅላቴ ውስጥ። የኪሴው ሐሰተኛ ሆኖ ተገኘ። የጭንቅላቴው ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ሁለቱም ነው። ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ከመጀመሪያው ልጀምር።

አንድ እሑድ ጠዋት ከአስተርጓሚያችን ጋር ወደ አንድ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ሄድን። አስተርጓሚያችን በሃምሳዎቹ ውስጥ ያሉ፣ ብዙ የማይናገሩ ሴት ናቸው። መሬት ላይ በተነጠፈ ጨርቅ ላይ ከተደረደሩት ሳንቲሞች መሐል አንድ ትልቅ፣ አረንጓዴ ዝገት የያዘ፣ መሐሉ በአራት ማዕዘን የተበሳ ሳንቲም ዓይኔ ውስጥ ገባ። ሻጩ ሽማግሌ ናቸው። "ወንድ አያቴ የድሮውን ቤታችንን መሠረት ሲያስቆፍሩ በገንቦ ሙሉ አገኙት። አባቴ በክፉ ቀን ደበቁት። እኔ ልጅ የለኝም፤ ወደ ሩቅ አገር ቢሄድልኝ ደስ ይለኛል" አሉኝ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እንባዬ ሊመጣ ምንም አልቀረውም። ዋጋ እንኳ አልተከራከርኩም።

ወደ አውቶቡሱ ስንመለስ አስተርጓሚያችን ፈገግ ብለው "የእኛ አገር ሰብሳቢዎች አንድ ምክር አላቸው። ዕቃውን እንጂ ታሪኩን አትግዛ ይላሉ" አሉኝ።

"ታዲያ ቀድመው አይነግሩኝም ነበር?"

"አንተ የገዛኸው እኮ ታሪኩን ነው። ታሪኩ ደግሞ ጥሩ ነበር።"

ከሁለት ቀን በኋላ ሳንቲም የሚሰበስቡ አንድ ዘመዳቸው አዩልኝ። ግማሽ ደቂቃ አልፈጀባቸውም። አረንጓዴውን ዝገት በጥፍራቸው ጫር ሲያደርጉት ተላጠ። የመቶ ዓመታት ዝገት ከብረቱ ጋር የተዋሐደ ስለሆነ እንደ ቀለም አይላጥም። ፊደሎቹም ጠርዛቸው ደብዝዟል። ከእውነተኛ ሳንቲም ላይ በተወሰደ ቅርጽ የተቀዳ ነው አሉኝ። በትሕትና መለሱልኝ።

ያን ቀን አፈርኩ። ኋላ ግን ነገሩ ገረመኝና ማንበብ ጀመርኩ። ያነበብኩትን ባጭሩ ላካፍላችሁ።

*

የቻይና ሳንቲም ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው ያንኑ ክብ ሆኖ መሐሉ በአራት ማዕዘን የተበሳውን ነው። ይህን ቅርጽ ለመላ አገሪቱ ያጸናው ቻይናን በ221 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ አንድ ያደረገው ንጉሠ ነገሥት ቺን ሺ ኋንግ ነው። ከእሱ በፊት በየግዛቱ የቢላ ቅርጽ ያለው፣ የአካፋ ቅርጽ ያለው ገንዘብ ነበር። በ118 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የሃን ሥርወ መንግሥት ዉ ዡ የተባለውን ሳንቲም አወጣ፤ ይህ ዓይነት ከ700 ዓመት በላይ ሲሠራ ኖረ። በ621 ዓ.ም. ደግሞ የታንግ ሥርወ መንግሥት ካይዩዋን ቶንግባዎ የተባለውን አወጣ። አራቱን ፊደላት የጻፈው በዘመኑ ዝነኛ የነበረው የቁም ጸሐፊ ኡያንግ ሹን ነው። ከዚያ በኋላ ጃፓንም፣ ኮርያም፣ ቬትናምም የዚያን ሳንቲም መልክ ተከተሉ። ይህ ዓይነቱ ሳንቲም በቻይና እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ማለትም የመጨረሻው ንጉሠ ነገሥት እስከ ወረደበት ጊዜ ድረስ ዘለቀ። ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ አንድ ቅርጽ ማለት ነው።

ቀዳዳው ለምን አራት ማዕዘን ሆነ? ሰማይ ክብ ነው፣ ምድር አራት ማዕዘን ናት የሚል የጥንት እምነት አላቸውና ከዚያ ጋር ያያይዙታል። የባለሙያው መልስ ግን ሌላ ነው። ሳንቲሙ እንደ አውሮፓ ገንዘብ በመዶሻ አይመታም፤ ይቀልጣል፣ ይፈስሳል። መጀመሪያ አንድ ጥሩ ቀራጭ ዋናውን በእጁ ይቀርጻል። ከዋናው "እናት ሳንቲም" የሚሏቸው ይቀዳሉ። እናቶቹ በደቃቅ አሸዋ ላይ ይታተማሉ፤ በታተመው ላይ የቀለጠ ነሐስ ይፈስሳል። ሲቀዘቅዝ ዛፍ የመሰለ ነገር ይወጣል፤ ሳንቲሞቹ እንደ ፍሬ ይለቀማሉ። ከዚያ ብዙዎቹ በአንድ ባለ አራት ማዕዘን ዘንግ ላይ ይሰኩና ጠርዛቸው በሞረድ ይስተካከላል። ቀዳዳው ክብ ቢሆን ዘንጉ ላይ እየተሽከረከሩ ያስቸግሩ ነበር። ቀዳዳው ለሕዝቡም ጠቀመ፤ በገመድ ይሰካዋል። ሺህ ሳንቲም አንድ ዘለላ ተብሎ ይቆጠር ነበር።

እኔ የገዛሁት ሐሰተኛ የሚመስለው ዳጓን ቶንግባዎ የተባለውን ነው። እውነተኛው ከ1107 እስከ 1110 ድረስ ነው የወጣው። ፊደሉ "ቀጭን ወርቅ" በሚባል የአጻጻፍ ስልት የተጻፈ ነው፤ የስልቱ ባለቤት ራሱ ንጉሠ ነገሥት ሁዪዞንግ ነው። ሰውዬው ሠዓሊ ነበር፣ የቁም ጸሐፊ ነበር፣ ሰብሳቢም ነበር። አገር በመምራት ግን አልተሳካለትም። በ1127 ዋና ከተማው በጁርቸን ወራሪዎች እጅ ወደቀች፤ እሱም ልጁም ተማርከው ወደ ሰሜን ተወሰዱ። በ1135 በግዞት ሞተ። ቤተ መንግሥቱ የለም። የእጁ ጽሕፈት ግን ተራ ገበሬ ጨው በገዛበት ሳንቲም ላይ እስካሁን አለ። አጭበርባሪው ይህን ሳንቲም የመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ታሪክ ያለው ዕቃ በደንብ ይሸጣል።

*

አሁን ወደ ሁለተኛው ሳንቲም ልምጣ።

የሥልጠናው የመጨረሻ ቀን ላይ አስተርጓሚያችን ከቦርሳቸው አንድ ትንሽ ሳንቲም አወጡና አሳዩኝ። ቺየንሎንግ ቶንግባዎ ነው። ቺየንሎንግ ከ1735 እስከ 1796 ድረስ የነገሠ ንጉሠ ነገሥት ነው፤ በእሱ ዘመን የወጣው ሳንቲም ብዛቱ ለጉድ ነው። በመሆኑም ተራው ዓይነት ዛሬ ዋጋው ከአንድ ማኪያቶ አይበልጥም። የእሳቸው ደግሞ ፊደሉ በመታሸት ብዛት ሊጠፋ ደርሷል።

እንዲህ ብለው ነገሩኝ። ልጅ ሳሉ ሴት አያታቸው ላባ የተሰካበት መጫወቻ ሠሩላቸው፤ የቻይና ልጆች በእግራቸው እየመቱ ወደ ላይ የሚያነጥሩት ዓይነት። ዓመታት አለፉ፣ አያትየው ሞቱ። አንድ ቀን ዕቃ ሲያስተካክሉ መጫወቻውን ሣጥን ውስጥ አገኙት። ላባውን ብል በልቶታል። ጨርቁን ሲፈቱት ከውስጥ ይህ ሳንቲም ወጣ። በቀዳዳው ቀይ ክር አልፎ ተቋጥሯል።

እናታቸውን ጠየቁ። እናትየው "የሠርጓ ነው፤ ከሙሽራ ሣጥኗ ታች የነበረ" አሏቸው። አጎታቸውን ጠየቁ። አጎትየው ደግሞ "ምን የሠርግ! ያኔ የድሮ ሳንቲም ማን ይፈልገው ነበር? ከቁርጥራጭ ብረት መሐል ያነሳችው ነው፤ መጫወቻው ክብደት እንዲኖረው" አሏቸው።

"እና የቱ ነው እውነቱ?" አልኳቸው።

"አያቴን አልጠየቅኳቸውም" አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም። ሳንቲሙን በመሐረብ ጠቅልለው መለሱ።

ልብ በሉ። በአንድ በኩል ግሩም ታሪክ ያለው ሐሰተኛ ሳንቲም አለ። በሌላ በኩል እውነተኛ ሆኖ ታሪኩ ለሁለት የተከፈለ ሳንቲም አለ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የምጠይቀው ጥያቄ ይኼ ነው፦ ዕቃውን እንጂ ታሪኩን አትግዛ የሚለው ምክር ልክ ነው ወይስ አይደለም?

*

መልሱን ለማግኘት ሳንቲም በቻይና ቤተሰብ ውስጥ ምን ያደርግ እንደነበር ማየት ያስፈልጋል። ገንዘብ ብቻ አልነበረም። ለአዲስ ዓመት በቀይ ክር ተሰክቶ ለልጆች ይሰጣል፤ ክፉ መንፈስ ያርቃል ተብሎ። ከሙሽራ ሣጥን ታች ይቀመጣል። ቤት ሲሠራ ከምሰሶ ሥር ይደረጋል። ሰው ሲሞት አፉ ውስጥ ይደረግ የነበረበት ዘመን አለ። ሰው ከመወለዱ እስከ መቀበሩ አብሮት ይሄዳል ማለት ነው።

የፍቅር ምልክትም ሆኖ ያውቃል። የካንግሺ ንጉሠ ነገሥት ሳንቲም አንዱ ዓይነት ከስሙ ፊደል ላይ አንድ ጭረት ይጎድለዋል። ሕዝቡ "የሉዎሃን ሳንቲም" ይለዋል፤ የቅዱሳን የወርቅ ሐውልቶች ቀልጠው የተሠራ ነው፣ ውስጡ ወርቅ አለበት የሚል አፈ ታሪክም አለው። ብረቱ ግን ወርቅ አይደለም። ሆኖም ወጣቶች እየተሰጣጡ የቃል ኪዳን ማሰሪያ አደረጉት። ደራሲው ዣዎ ሹሊ በ1950 አዲሱን የጋብቻ ሕግ ለማስተዋወቅ በጻፈው አጭር ልቦለድ ውስጥ እናትና ልጅ ሁለቱም እንዲህ ያለ ሳንቲም ይዘው ይገኛሉ። እናትየው የወደደችውን እንድታገባ አልተፈቀደላትም፤ የልጅቱ ጉዳይ ነው የታሪኩ ጭንቀት። ሳንቲሙ ራሱ ምንም አይልም። የማን እንደነበረ የሚያውቅ ሰው ሲኖር ግን የአንዲት ሴት ሕይወት በሙሉ ነው።

እንግዲህ የአስተርጓሚያችን እናት የተናገሩት ከዚህ ልማድ ጋር ይገጥማል። ቀይ ክሩም ለእሳቸው ይመሰክራል።

የአጎትየውስ? እሱም ከታሪክ ጋር ይገጥማል። በ1966 የባህል አብዮት ሲጀመር "አራቱ አሮጌዎች ይጥፉ" ተባለ። አሮጌ አስተሳሰብ፣ አሮጌ ባህል፣ አሮጌ ልማድ፣ አሮጌ ወግ። ቀይ ዘብ የሚባሉ ወጣቶች ቤት ለቤት እየዞሩ ፈተሹ። የዘር ሐረግ መጻሕፍት ተቃጠሉ። ልብ በሉ፣ በቻይና አንድ ጎሣ የብዙ ትውልድ ስም በመጽሐፍ መዝግቦ የማቆየት ልማድ አለው። ያ መጽሐፍ በአንድ ቀን አመድ ሆነ። ሰዎች እንዳይወነጀሉ የራሳቸውን ቅርስ በራሳቸው እጅ አጠፉ። የነሐስ ዕቃ በኪሎ ተሸጦ ወደ ማቅለጫ ይሄድ ነበር። የሻንጋይ ሙዚየም ባለሙያዎች ወደ ከተማዋ ማቅለጫ እየሄዱ ከቁርጥራጭ ክምር ውስጥ ጥንታዊ ነሐስ ይለቅሙ እንደነበር ይታወቃል።

በዚያ ወቅት አንዲት አሮጊት ሳንቲም በላባና በጨርቅ ሸፍነው ለልጅ መጫወቻ ቢያደርጉት፣ የሠርጋቸውን ማስታወሻ መደበቃቸው ሊሆን ይችላል። ከቁርጥራጭ ያነሱት ተራ ክብደትም ሊሆን ይችላል። ታሪክ ሁለቱንም ይፈቅዳል። የቱ እንደሆነ መለየት የሚችሉት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም የሉም።

*

ስለ ብር ሳንቲምም አንድ ነገር ልበላችሁ፤ የእኛ አንባቢ ይበልጥ የሚገባው እሱ ስለሆነ።

በ1914 የቻይና ሪፐብሊክ የፕሬዚዳንት ዩዋን ሺካይን ምስል የያዘ የብር ገንዘብ አወጣ። ሕዝቡ በምስሉ የተነሳ "ትልቅ ራስ" አለው። አያቶቻችን የማርያ ቴሬዛን ጠገራ ብር ሲቀበሉ የንግሥቲቱን ጌጥ ዕንቁዎች ይቆጥሩ እንደነበር ሁሉ፣ ቻይናዊውም ትልቅ ራስን በሁለት ጣቱ ይዞ ጠርዙን እፍ ይልና ወደ ጆሮው ያስጠጋዋል። እውነተኛው ብር ረዘም ያለ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል።

ይህ ብር ከቤተሰብ እጅ እንዴት እንደወጣ ስሙ። በ1934 አሜሪካ ብር በብዛት የምትገዛበት ሕግ አወጣች። የብር ዋጋ በዓለም ገበያ ናረ፤ የቻይና ብር ወደ ውጭ ጎረፈ። በኅዳር 1935 መንግሥት የብር ሥርዓቱን ትቶ "ብራችሁን አምጡ፣ ወረቀት እንሰጣችኋለን" አለ። ጦርነት መጣ፤ ወረቀቱ እየታተመ፣ ዋጋው እየወረደ ሄደ። በነሐሴ 1948 መንግሥት ሌላ ወረቀት አወጣ፣ "የወርቅ ዩዋን" የተባለውን። 3 ሚሊዮኑ አሮጌ ብር ለ1 አዲስ ይመነዘራል ተባለ። ወርቅ፣ ብርና የውጭ ምንዛሪ በእጁ ያለው ሁሉ እስከ መስከረም 30 ድረስ ለባንክ እንዲያስረክብ ታዘዘ። እምቢ ያለ ይቀጣል።

ብዙ ሰው አስረከበ። የአስተማሪ ቤተሰብ፣ የጸሐፊ ቤተሰብ፣ ለሴት ልጁ ሠርግ ያጠራቀመ ባለ ሱቅ። ዓመት ሳይሞላ የወርቅ ዩዋኑ ዋጋ ቢስ ወረቀት ሆነ። በታኅሣሥ 1948 የሻንጋይ ሕዝብ ወርቅ ለመግዛት በባንክ በር ላይ ሲጋፋ ፈረንሳዊው ፎቶ አንሺ ካርቲዬ ብሬሶን ያነሳው ፎቶ ዛሬም ይታያል። ሰው በሰው ላይ ተጣብቆ፣ ፊቱ በጭንቀት ተጨማድዶ። ሕግ ያከበረው ተቀጣ፤ ሕግ የጣሰው ተረፈ።

ስለዚህ ከአሮጌ ቤት ግድግዳ ውስጥ የሚወጣ "ትልቅ ራስ" ሁሉ የአንድ ሰው ውሳኔ ነው። በአንድ ሌሊት አንድ አባት ወይም አንዲት እናት መብራት አጥፍተው "ይህን አንሰጥም" ብለዋል። ገበያው ግን ይህን አይነግረንም። ገበያው የሚነግረን የ1914 ይሁን የ1921፣ ጭረት አለው የለውም፣ ይህንኑ ነው።

*

እስካሁን የተናገርኩት ታሪኩ እንዳይጠፋ የሚያሳዝን ነው። ግን ሌላም ወገን አለ። የቤተሰብ ታሪክ ራሱ ሐሰት ሊሆን ይችላል፤ ለክፋት ሳይሆን በግድ።

አሜሪካ በ1882 ቻይናውያን ሠራተኞች እንዳይገቡ ሕግ አወጣች። ዜጋ የሆነ ሰው ልጆች ግን መግባት ይችሉ ነበር። በ1906 የሳን ፍራንሲስኮ የመሬት መንቀጥቀጥና እሳት የልደት መዝገቦችን አጠፋ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው "እዚሁ ነው የተወለድኩት" እያለ ዜግነት ጠየቀ፤ ባገር ቤት ልጆች አሉኝ ብሎ አስመዘገበ፤ የልጅነቱ ቦታም ለዘመድ ተሰጠ ወይም ተሸጠ። "የወረቀት ልጆች" ተባሉ። ከ1910 ጀምሮ ኤንጅል ደሴት ላይ መርማሪዎች ይጠይቋቸዋል፦ ቤታችሁ ስንት ደረጃ አለው? የውኃ ጉድጓዱ በየት በኩል ነው? ጎረቤታችሁ ስንት ልጅ አለው? ተጓዡ መልሱን በመርከብ ላይ አጥንቶ፣ የጥናት ወረቀቱን ባሕር ውስጥ ጥሎ ይደርሳል። ሕጉ በ1943 ቢሻርም ብዙዎቹ በተውሶ ስም ኖረው ሞቱ። ልጆቻቸውም የተጠናውን ታሪክ እንደ እውነት ወረሱ።

ቻይናውያን የባቡር ሠራተኞችና ማዕድን ቆፋሪዎች በሠፈሩባቸው የአሜሪካ ምዕራብ ቦታዎች አርኪዮሎጂስቶች ባለ ቀዳዳውን ሳንቲም ያገኛሉ። እዚያ አገር ዕቃ አይገዛም ነበር። ለቁማር መቁጠሪያ፣ ለክታብ፣ ለትዝታ ነው የያዙት። ከኋላው ጓንግዶንግ ውስጥ መሠራቱን የሚናገር ፊደል ያለበት አለ፤ አብዛኞቹ ስደተኞች የመጡት ከዚያ አውራጃ ነው። ሳንቲሙ ለመርማሪ የሚሰጥ መልስ አላጠናም። ግን ከሚችለው በላይም አትጠይቁት። ሳንቲም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። የሶንግ ዘመን ሳንቲም ከተሠራ ከብዙ መቶ ዓመት በኋላም ገበያ ላይ ይውል ነበር። አያትህ የቺየንሎንግ ሳንቲም ስለነበራቸው ቅድመ አያቶችህ በቺየንሎንግ ዘመን ሀብታም ነበሩ ማለት አይደለም።

ይህ ስሕተት ወደ እኛ ሰፈርም ቀርቧል። በ1945 ዛንዚባር ውስጥ ካጄንግዋ በተባለ ቦታ አብዛኞቹ የሶንግ ዘመን የሆኑ የቻይና ሳንቲሞች ተገኙ። በ2013 ደግሞ የኬንያዋ ማንዳ ደሴት ላይ ቁፋሮ ሲያካሂዱ የነበሩ አጥኚዎች የዮንግሌ ቶንግባዎ ሳንቲም አገኙ። የዮንግሌ ዘመን አድሚራል ዜንግ ሄ መርከቦቹን ይዞ ወደ ምዕራብ የተጓዘበት ነው። በአቅራቢያው ባለችው በፓቴ ደሴት ላይ ደግሞ "መርከባቸው ከተሰበረባቸው ቻይናውያን ነው የመጣነው" የሚሉ ቤተሰቦች አሉ። ወዲያው ብዙ ሰው ሳንቲሙንና ታሪኩን አጋባቸው። ቆይ! ሳንቲሙ በሕንድ ወይም በዓረብ ነጋዴ እጅም ሊመጣ ይችላል። የቤተሰቦቹ ታሪክ በራሱ መንገድ መመርመር አለበት፤ ሳንቲሙም በራሱ። እኛስ ብንሆን? በ1940 ደብረ ዳሞ ላይ ከመቶ በላይ የኩሻን የወርቅ ሳንቲሞች ተገኝተዋል። ከሕንድና ከመካከለኛው እስያ ግዛት የመጡ ናቸው። ወርቁ ንግዱን ይመሰክራል፤ ያመጣው ሰው ስም ግን አልተጻፈም።

*

እንግዲህ ጥያቄዬን ልመልስ። ዕቃውን እንጂ ታሪኩን አትግዛ የሚለው ምክር ለገዢ ልክ ነው። ለወራሽ ግን ስሕተት ነው።

ገዢ ሚዛን ይያዝ፣ ዝገቱን ይጫር፣ የሞረዱን ምልክት ይፈልግ። ለሽያጭ የተዘጋጀ ታሪክ ሲበዛ የተስተካከለ ነው። አያት አለ፣ ገንቦ አለ፣ ክፉ ቀን አለ፣ ልጅ የሌለው ሽማግሌ አለ። ምንም አይጎድለውም። ለዚያ ነው እኔን የጣለኝ። የእውነተኛ ቤተሰብ ታሪክ ግን እንደ ሳንቲሙ መሐሉ ክፍት ነው። እናት አንድ ትላለች፣ አጎት ሌላ ይላል። እሱ ክፍተት ነውር አይደለም። ነውሩ ዕድሉ እያለ አለመጠየቅ ነው።

አንድ ምሳሌ ልጨምር። በ1940 ሻንጋይ በጃፓን ወረራ ተከብባ በነበረችበት ጊዜ ሉዎ ቦዣዎ የተባለ ሰብሳቢ ከነዲንግ ፉባዎ ጋር ሆኖ የጥንት ሳንቲም ማኅበር አቋቋመ። ዲንግ ፉባዎ ከሁለት ዓመት በፊት ታላቁን የጥንት ሳንቲሞች መዝገበ ቃላት ያሳተመ ሰው ነው። ጦርነቱ ውጭ እየነደደ እነዚህ ሰዎች እየተሰበሰቡ ሳንቲም ያሳያያሉ፣ ይከራከራሉ፣ ያዩትንም "ጥንታዊ ገንዘብ" በሚል መጽሔታቸው ላይ ይጽፋሉ። መጽሔቱ እስከ 1945 ወጣ። ሉዎ በ1957 ከ15 ሺህ በላይ ሳንቲሞቹን ቤጂንግ ለሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም ሰጠ። ዛሬ አጥኚዎች ስለ አንድ ብርቅ ሳንቲም ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ መናገር የሚችሉት እነዚያ ሰዎች ስለሰበሰቡ ብቻ አይደለም፤ ስለጻፉ ነው።

ከቤጂንግ እንደተመለስኩ ለእናቴ ደወልኩ። ሴት አያቴ ጠገራ ብር እንደነበራቸው አውቃለሁ፤ ልጅ ሆኜ አይቻለሁ። "የት ገባ?" አልኳት።

"ቀለጠ" አለች። "ለአክስትህ ሠርግ አንጥረኛው መስቀል አደረገው። አንገቷ ላይ ያለው እኮ እሱ ነው።"

"ለአያቴ ማን ሰጣቸው?"

ዝም አለች። ቆይታ "የጥሎሽ ይመስለኛል። ግን እርግጠኛ አይደለሁም። አክስትህ ሌላ ነገር ትላለች" አለችኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አክስቴ ቤት ሄድኩ። የእናቴን ቃል በአንድ ወረቀት፣ የአክስቴን ቃል በሌላ ወረቀት ጻፍኩ። ማን እንደተናገረ፣ መቼ እንደተናገረ፣ የማይስማሙበት የቱ እንደሆነ። አልታረቀም። እንዳለ ተውኩት። ወረቀቶቹን አጣጥፌ ከሐሰተኛው የቻይና ሳንቲሜ ጋር በአንድ ፖስታ አስቀመጥኳቸው። ሐሰተኛው ላይም ጻፍኩ፦ "ቤጂንግ ገበያ ላይ የተገዛ፣ ቅጂ ነው፣ ታሪኩን አትመኑ" ብዬ። እኔ ከሞትኩ በኋላ ልጆቼ በእሱ የተነሳ እንዳይሳሳቱ።

እናንተም ቤት ጠገራ ብር ይኖራል፤ ወይ መስቀል፣ ወይ አልቦ፣ ወይ አንድ አሮጌ ሣጥን። ዋጋው ስንት ነው ብላችሁ ፎቶ ከመለጠፋችሁ በፊት፣ የማን እንደነበረ የሚያውቀውን ሰው ጠይቁ። ያ ሰው አሁን በሕይወት አለ። ዛሬ ማታ ይደወልለት።

ቸር እንሰንብት።